ጫማ ነጋዴው፣ ባሩዱና የልጆች ሮኬት

ልጅ በእሳት ሲጫወት ያየ ትልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃቸው መልሶች ሁለት ናቸው፤ «ተው!» ብሎ መቆጣት፣ ወይም እንዳላየ ማለፍ። ሦስተኛ መልስ የፈለጉ ሰዎች ግን ነበሩ። የዛሬው ጨዋታችን ስለ እነሱ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንያዝ።)

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ስትልክ የአሜሪካ ትልልቅ ሰዎች ደነገጡ። ልጆቹ ግን ልባቸው ተሰቀለ። ቀድመው የጀመሩም ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን በየጓሮውና በየምድር ቤቱ የብረት ቱቦ እየጠቀጠቁ ሮኬት የሚሠሩት በዙ። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በቤት ውስጥ በተደባለቀ ተቀጣጣይ ነገር የተሞላና ጫፉ የተደፈነ የብረት ቱቦ ሌላ ስሙ ቦምብ ነው። ጣታቸውን ያጡ፣ ዓይናቸው የጠፋ፣ የሞቱም አሉ። «የምድር ቤት ቦምበኞች» የሚል ስም ሁሉ ወጥቶላቸው ነበር።

«ኦክቶበር ስካይ» የተባለውን የ1999 ፊልም ያያችሁ ሆመር ሂካምን ታስታውሱታላችሁ። በዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን ከተማ፣ በኮልውድ ያደገው ይህ ልጅ የመጀመሪያ ሮኬቱ የእናቱን የጽጌረዳ አትክልት አጥር ነበር ያፈነዳው። በ1960 በብሔራዊ የሳይንስ ውድድር ተሸለመ፤ በኋላም የናሳ መሐንዲስ ሆነ። ደስ ይላል። ግን ፊልም የሚሠራው ለተሳካለት ነው። ጣቱ ለተቆረጠው ልጅ ማን ፊልም ይሠራለታል?

የሚገርመው ነገር፣ መፍትሔው ስፑትኒክ ከመብረሯ ከሦስት ዓመት በፊት ተሠርቶ ነበር፤ ያውም በአንድ የጫማ መደብር ባለቤት እጅ። ኦርቪል ካርላይል በኔብራስካ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ ጫማ ይሸጣል፤ በትርፍ ጊዜው የርችት ሰው ነው። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ፍቅር የያዘው ነበርና ስለ ሮኬት በረራ ንግግር ሲያደርግ የሚያሳየው ነገር ፈለገ። ኦርቪል በ1954 ከወረቀት ቱቦና ባልሳ ከተባለው ቀላል እንጨት ትንሽ ሮኬት ሠራለት። ብረት የለበትም። ሞተሩ በወፍራም ወረቀት ውስጥ የታመቀ ባሩድ ሆኖ አንድ ጊዜ ነድዶ የሚጣል ነው፤ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሴኮንድ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ በመጨረሻ በትንሽ ፍንዳታ አፍንጫውን አስወርውሮ ፓራሹቱን ያወጣል። ሮኬቱ በሰላም ይወርዳል፤ አዲስ ሞተር አስገብቶ እንደገና ማብረር ነው።

በ1957 መጀመሪያ ጂ. ሃሪ ስታይን የተባለ፣ በኒው ሜክሲኮው የኋይት ሳንድስ የሮኬት መሞከሪያ የሚሠራ ባለሙያ ስለ ሮኬት ደኅንነት በመጽሔት ጻፈ። ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ ሮኬቱን ላከለት። ስታይን ሞክሮ ወደደው፤ በዚያው ዓመት ኩባንያም ማኅበርም አቋቋመ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ይባላል። ቨርን ኢስቲስ የተባለ፣ ከዴንቨር ርችት ሠሪ ቤተሰብ የወጣ ወጣት ደግሞ በ1958 «ሜብል» የሚል ስም የሰጣትን ማሽን ሠራ፤ በየ5.5 ሴኮንዱ አንድ ሞተር ታወጣለች።

ስምምነቱ ሲጨመቅ ይህ ነው፤ ሊፈነዳ የሚችለውን ክፍል ፋብሪካ ይሥራው፣ የቀረውን ሁሉ ለልጁ ተዉለት። የማኅበሩ ደንብም ይህንኑ ይከተላል። ሞተሩን ራስህ አትቀምም። በክብሪት አትለኩስም፤ በሽቦና በባትሪ ነው። ከሮኬቱ ርቀህ ትቆማለህ፤ እንደ ሞተሩ መጠን ከ4.5 ወይም ከ9 ሜትር ያላነሰ። ከመለኮስህ በፊት ጮክ ብለህ ወደ ኋላ ትቆጥራለህ።

ይህ ስምምነት በደንብ የሚፈተነው መካከለኛ ኃይል በሚባሉት ተገጣጣሚ ሮኬቶች ላይ ነው። የሞተር ጉልበት በፊደል ይለካል፤ ፊደሉ አንድ ባለፈ ቁጥር ጣሪያው በእጥፍ ያድጋል። ኢ እስከ 40 ኒውተን-ሴኮንድ፣ ኤፍ እስከ 80፣ ጂ እስከ 160 ይደርሳል። ባልሳ ይህን ሁሉ ጉልበት በቀላሉ አይችለውም። ስለዚህ ክንፎቹ ብዙ ጊዜ ከኮምፔንሳቶ ይሠራሉ፤ የቱቦውን ግድግዳ ሰንጥቀው ገብተው የሞተሩ ማቀፊያ ላይ በኢፖክሲ ይጣበቃሉ። ብዙዎቹ ሞተሮችም ባሩድን ትተው አሞኒየም ፐርክሎሬትን ከጎማ መሰል ማያያዣ ጋር የያዘ ነዳጅ ይጠቀማሉ፤ የስፔስ ሸትል ጎንና ጎን የነበሩት ሁለት ነጫጭ ሮኬቶች የነደዱበት ዘር ማለት ነው።

መንግሥት ይህን ሲያይ ዝም አላለም። የአሜሪካ የፈንጂ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነዳጁን ከፈንጂዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ከ62.5 ግራም በላይ የያዘ ሞተር የፈንጂ ፈቃድ ይጠየቅበት ጀመር። ብሔራዊ ማኅበሩና ትሪፖሊ የተባለው ሌላው የሮኬት ማኅበር በ2000 ፍርድ ቤት ሄዱ። የሙግቱ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ይህ ነገር ይነዳል ወይስ ይፈነዳል? መልሱ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። በማርች 2009 ዳኛ ሬጂ ዋልተን፣ መሥሪያ ቤቱ ነዳጁን ፈንጂ ያለበት ምክንያት አያሳምንም ብለው ለማኅበራቱ ፈረዱ።

እኛን የገረመን የሮኬቱ ከፍታ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ለልጁ የመሳሳት መብት ትተውለታል። ክንፍ አጣሞ የለጠፈ ሮኬቱ ሲጣመም ያያል፤ ፓራሹት በደንብ ያላጠፈ ሮኬቱ እንደ ድንጋይ ሲወርድ ያያል። ሮኬቱን ያጣል፤ ጣቱን ግን አያጣም። በሚቀጥለው ሳምንት የብርጭቆ ወረቀትና ማጣበቂያውን ይዞ እንደገና ይቀመጣል።

እና ወገኖች፣ በየቤታችን አንድ ነገር የሚፈታ፣ የሚያቀጣጥል፣ የሚበጠብጥ ልጅ አይጠፋም። «ተው!» ከማለታችን በፊት እንደ ጫማ ነጋዴው ብንጠይቅስ? ከእጁ ላይ መውሰድ ያለብን የትኛውን ክፍል ብቻ ነው?