ቴዎድሮስን ማን ብለን እንፈልጋቸው?

የእህቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ መቅደላ ዘመቻ ልትሠራ ተነሥታ፣ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ ስለ ቴዎድሮስ ብዙ ጽፈዋል ብለውኝ አልነበር? የኢንተርኔቱ ቤተ መጻሕፍት ግን በዘመኑ ከተጻፈው እምብዛም አያመጣልኝም» አለችኝ።

«ምን ብለሽ ጠየቅሽው?» አልኳት። በላቲን ፊደል «ቴዎድሮስ፣ ኢትዮጵያ፣ መቅደላ» ብላ ጽፋለች፤ ልክ ዛሬ እኛ እንደምንጽፈው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ንጉሡን «ቲዎዶር»፣ አገሩን «አቢሲኒያ»፣ አምባውን «መግደላ» እያሉ ነበር የሚጽፉት። ኮምፒውተር ደግሞ ይሉኝታም ግምትም አያውቅም፤ የሰጡትን ፊደል ይዞ ይሄዳል። ስሞቹን ብንለውጣቸው የዘመቻው ጸሐፊዎች ተግተልትለው መጡ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለካ ለዚህም ይሠራል!

ነገሩ ግን ከፊደል ያለፈ ታሪክ አለው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ይህም ራሱ ለተማሪ አንድ ወጥመድ ነው።) በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1877 ዊልያም ራይት የተባለ ሊቅ የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ዘርዝሮ በእንግሊዝኛ ካታሎግ አሳተመ። መጽሐፍ ሲሄድ ስሙም አብሮ ሄደ ማለት ነው። የኛን መጽሐፍ የሚፈልግ ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ በሌላ ሰው ፊደል መጠየቅ ግድ ሆነብን።

በ1973 የተጀመረው ሥራ ከዚህ ይለያል። በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሡ፤ መጽሐፉ በቦታው ቀርቶ ፎቶግራፉ ብቻ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። በ1975 በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብራናዎቹን እያነበቡ ለብዙ ዓመታት ካታሎግ አዘጋጁ። ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ ዛሬ ተመዝግቦ ለሚገባ ሁሉ በነፃ በስክሪን ይታያሉ። ይሁንና የእኚህን ሊቅ ሥራ የሚፈልግ ተማሪ «ጌታቸው» በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ እንዳለው፣ አንዳንዱ ካታሎግም የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ «ኃይሌ፣ ጌታቸው» ብሎ እንደሚገለብጠው ማወቅ አለበት።

ጄስቶር የተባለው የመጽሔቶች ማኅደርም በ1995 ሲቋቋም የታሰበው የአሜሪካ ኮሌጆች መደርደሪያ በአሮጌ መጽሔት መጨናነቁን ለማቃለል ነበር። ዛሬ ከ1963 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እዚያ ይገኛል። ስድስት ኪሎ የተጻፈውን ለማንበብ በአሜሪካ በኩል ዞሮ መምጣት ማለት ነው። እኔ በዚህ አልከፋም፤ መጽሔቱ ለጎንደሩም ለጅማውም ተማሪ እንዲደርስ መንገድ ከፍቷልና። የምፈራው ሌላ ነገር ነው።

በየመመረቂያ ጽሑፉ «በዚህ ርዕስ ላይ እስካሁን ጥናት አልተካሄደም» የምትል ዓረፍተ ነገር እየበዛች ነው። ስንቱ እውነት ነው? ስንቱስ ስም ቀይሮ ካለመጠየቅ የመጣ? ስክሪኑ ባዶ ሲሆን «አላገኘሁም» ማለት ይቻላል፤ «የለም» ማለት ግን ሌላ ነው። በዚያች አንድ ቃል ዕድሜያቸውን በብራና ላይ የጨረሱ ሰዎች ድካም ይሰረዛል።

ለልጅቷ አንድ ነገር ብቻ መከርኳት። የሰውና የቦታ ስም የተጻፈበትን መልክ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ እየመዘገበች እንድትሄድ፣ ያንንም ገጽ ከጽሑፏ ኋላ እንድታያይዘው። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ቢያንስ ቴዎድሮስን ማን ብሎ እንደሚጠራቸው ያውቃል።