ቅጠል የተጨመረበት ባሌስትራ፦ ስለ ወልቂጤና ቡታጅራ መንገዶችና ተሽከርካሪዎች

የመኪና ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ሞተሩና የመጀመሪያው ባለቤቱ ነው። ከሻንሲው ሥር ሆኖ የመንገዱን ምት ሁሉ የሚቀበለው ባሌስትራ፣ የባሌስትራውን መንጠር የሚገታው ሾክ አብዞርበርም እምብዛም አይነሡም። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱትን መንገዶች ታሪክ በሚገባ ለመረዳት የሚሻ ሰው ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይኖርበታል። ጭነት በበዛ ቁጥር በባሌስትራ ላይ ቅጠል የመጨመር ልማድ ከየት መጣ? ምንስ አስከተለ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው የዎልስሊ አውቶሞቢል በቅጠል ሞላ የቆመ ነበር። ይህ የሞላ ዓይነት ከፈረስ ሠረገላ የተወረሰ ነው። ስሙን ግን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ ባሌስትራ በዚያ ቋንቋ የቀስት መሣሪያ ማለት ነው፤ የብረቱን ደጋን መሰል ጉብጠት ላየ ስያሜው ተገቢ ነው። ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚሉትም ቃላት በዚሁ መንገድ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች በወልቂጤ አድርጎ ወደ ጅማ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ፣ ትሬንታ ኳትሮ የተባለው የፊያት ከባድ መኪናም በኢትዮጵያ ጎዳናዎች ታወቀ። በዚያ ዘመን በነበሩት የጭነት መኪናዎች ላይ የባሌስትራው ቅጠሎች እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚፈጥሩት መያያዝ ራሱ መንጠሩን በመጠኑ ይገታ ነበርና፣ ሾክ አብዞርበር እንደ ትርፍ ዕቃ የመታየቱ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ዋና ዋና መንገዶችን ለማደስ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። የቡታጅራ ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሕዝብ ማኅበር አማካይነት የተጀመረ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በንግድ የሚተዳደሩ ጉራጌዎች በገንዘባቸውና በጉልበታቸው ግንባር ቀደም ነበሩ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የምርምር ሥራ ይህንኑ ማኅበር የሚመለከት ነበር። እንግዲህ ይህ መንገድ በአዋጅ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ ከነጋዴው ኪስ እየተቆነጠረ የተሠራ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ጭነቱ ተከተለ። ቆጮ፣ የማረቆ በርበሬ፣ ድንች፣ ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል፤ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆርቆሮ ይመለሳል። ለመስቀል ደግሞ ሰው በሙሉ ወደ አገሩ ይጎርፋል። ባለመኪናው በአንድ ጉዞ ይበልጥ ለማትረፍ ሲል መኪናውን ወደ ጋራዥ ወስዶ ባሌስትራውን ያስጠነክራል፤ ሠራተኛውም ካረጀ መኪና የተፈታ ቅጠል መርጦ ይጨምርለታል። ከዚህም የሚተርፈው ስብርባሪ በአንጥረኛ እጅ ቢላዋና ማጭድ ይሆናል። ብልሃቱ የሚናቅ አይደለም። ጉድለቱ ሥራው በግማሽ መቅረቱ ነው።

ሞላ ኃይልን ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ሾኩ ነው። የሞላው ጥንካሬ በግማሽ ቢጨምርና ጭነቱ ባይለወጥ፣ መንጠሩን እንደ ቀድሞው ለመግታት የሾኩ ኃይል 22 ከመቶ ያህል ማደግ ይኖርበታል። ጥንካሬውም ጭነቱም በእጥፍ ቢያድጉ ደግሞ ሾኩም እጥፍ መሆን አለበት። በሽብሽብ የጠጠር መንገድ ላይ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ሾክ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ያወጣል፣ ኃይሉም ይደክማል። ፈረንሳዊው ደ ካርቦን እ.ኤ.አ. በ1953 በታመቀ ጋዝ የሚሠራውን ሾክ ያስተዋወቀው ይህንኑ ችግር ለማስወገድ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ባሌስትራው ሲጠነክር ሾኩ ብዙ ጊዜ በነበረበት ይቀራል።

የዚህን ውጤት ቅጥቅጥ በሚባለው አውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ በወገቡ ያውቀዋል። ቅጥቅጥ ለጭነት በተሠራ ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር አካል የተገጠመለት ነው። ለጭነት የታሰበ ባሌስትራ በሰው ብቻ ሲጫን ስለማይተጣጠፍ እያንዳንዱን ጉድጓድ ለተሳፋሪው ያስረክባል። ጎማው ከመሬት በተነሣ ቁጥርም ፍሬንና መሪ ሥራቸውን ያቋርጣሉ።

ሁለተኛው ተጎጂ መንገዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተካሄደው የመንገድ ሙከራ እንዳስገነዘበው፣ በአክስል ላይ ያለው ክብደት በእጥፍ ሲያድግ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የጎማው መዝለልና መውደቅ ሲታከልበት ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ በጨመረው ቅጠል የሚያገኘው ትርፍ፣ አባቱ በመዋጮ ካሠራው መንገድ ላይ የሚቆረጥ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን የአስተዳደር ማዕከሎች ናቸው፤ ዋናዎቹ መንገዶችም አስፋልት ለብሰዋል። ወደ ገጠር የሚገቡት ግን አሁንም በአብዛኛው ጠጠር ናቸውና ጉዳዩ አልተዘጋም። ከሙያችን የሚጠበቀው ጋራዦቹን መንቀፍ አይደለም። ቅጠል የሚጨምር ሠራተኛ ሾኩንም አብሮ እንዲመዝን፣ ጎሚኒውንና ማሰሪያውን እንዲመረምር፣ ለደንበኛውም የአክስሉ ልክ በባሌስትራው ውፍረት እንደማይለወጥ እንዲያስረዳ በቀላል ሠንጠረዥና በአጭር ሥልጠና መርዳት ነው። መንገዱን ያሠሩት ሰዎች መዋጮአቸውን ከፍለው አልፈዋል፤ የእኛ ድርሻ የመንገዱን ዕድሜ ማርዘም ነው።