ኮሶ ሻጭ ማን ነው?

አፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር ያልሰማ የለም። እናታቸው ችግር ሲጠናባቸው ኮሶ ሸጡ ተብሎ ነው። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ግን በዚያው ዘመን ስለነበረ ሌላ ኮሶ ሻጭ ነው። ይሄኛው ፈረንሳዊ ነው፤ ገበያውም ጎንደር ሳይሆን ፓሪስ።

ሮሼ ዴሪኩር ይባላል። ከ1839 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ወደ ሸዋ ሁለት ጊዜ መጥቶ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቆይቷል። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ ነው። ከመንዝ እስከ አንኮበር ያለው ደጋ ደግሞ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ለኮሶ ዛፍ ግን የተመቸ አገር ነው። ሰውዬው ከአገራችን የወሰደውን የኮሶ አበባ አውሮፓ ውስጥ ለኮሶ ትል ሕመምተኞች በውድ ዋጋ ቸበቸበው። የኮሶ ሻጭ ብሎ የሰደበው የለም። እንዲያውም በኋላ መንግሥቱ ጅዳ ላይ ቆንስል አድርጎ ሾመው።

በነገራችን ላይ ኮሶ በፈረንጅ አገር ሦስት ጊዜ ክርስትና ተነሥቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ወዲያው በ1791 አንድ ጀርመናዊ የሳይንስ ሰው የባንክስን ስም አንሥቶ በሌላ ጀርመናዊ፣ በመድኃኒት ቀማሚው በሃገን ስም «ሃጌንያ» አለው። በ1820ዎቹ ደግሞ ቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬ ስለ ኮሶ ስለጻፈ «ብራዬራ» ተባለ። ዛሬ የጸናው የሳይንስ ስሙ «ሃጌንያ አቢሲኒካ» ነው። ለአገራችን የደረሳት የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት።

እኛስ ምን አደረግንበት? ዘመናዊ የጤና ትምህርት በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የሐኪም ትምህርት ደግሞ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ መጻሕፍቱም አብዛኞቹ መምህራንም ከውጭ የመጡ ነበሩ። ኮሶ በዚያ ትምህርት ውስጥ ብቅ ካለ ብቅ የሚለው ከመርዞች ተርታ ሳይሆን አይቀርም። ይሄ ሙሉ በሙሉ ጥላቻ እንዳይመስላችሁ። ኮሶ ሲበዛ በእርግጥም ይጎዳል፤ የዓይን ብርሃን ላይ ያደረሰው ጉዳት በሐኪሞች ተመዝግቧል። ትሉም ራሱ አንጀት ውስጥ ከቀረ መልሶ ያድጋል፤ አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ፊታቸውን አጨማድደው የሚጠጡት ለዚሁ ነበር። እንክብሉ ሲመጣ ኮሶን ጥለውት ቢሄዱ ማን ይፈርዳል?

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። መርዝ ነው ተብሎ ከተዘጋ በኋላ «ትሉን የሚያስለቅቀው ምኑ ነው? ዓይን የሚጎዳውስ? ሁለቱ ይለያዩ ይሆን?» ብሎ ለመጠየቅ ተማሪው አልሠለጠነም። የመድኃኒት ምርምር የሚባለው ግን ይሄው ጥያቄ ነው።

የጠየቁም ነበሩ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። እጥበቱ ካለበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያች ትዝብት ዕድሜ ልክ የፈጀ ምርምር፣ በ1989 ደግሞ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የተሸለሙት «ራይት ላይቭሊሁድ» ወጣ። ይሁንና በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ሌላ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በእንዶድ ለመከላከል የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሮሼ ዴሪኩር በሕይወት ቢኖር «እኔ እኮ አበባ ነበር የሸጥኩት» ይል ነበር።

አሁን ደግሞ ጨዋታው ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። የበሽታ አምጪው ፕሮቲን ቅርጽ ስክሪን ላይ ይሣላል፤ ከዚያ በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች አንድ በአንድ ይሞከሩበታል፣ ቁልፍ በጓጉንቸር ላይ እንደሚሞከር። ገጠም የሚለው ተለይቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ አብዛኛውም እዚያ ይወድቃል። ቅርጹን ማግኘት ድሮ ዓመታት ይፈጅ ነበር። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም ግን እስከ 2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮ በነፃ አስቀምጧል፤ በ2024ም የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቷል። ቁልፍ ሞካሪ ሶፍትዌሮችም በነፃ የሚወርዱ አሉ። ላፕቶፕ፣ መብራትና ኔትወርክ ያለው ተማሪ መጀመር ይችላል (መብራቱን አደራ!)።

ማሽኑ ሁሉን ያውቃል ብለን ግን አንሞኝ። ለኮሶም ለቢልሃርዝያም የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ገበያ ላይ ከዋለ ወደ 40 ዓመት ገደማ ሆኖት ነው፣ በ2019፣ ትሉ ላይ የሚያርፍበት ፕሮቲን የተለየው። ታማሚው ድኖ ሳይንሱ ቆይቶ ደረሰ። ኮሶም ሲያሽር የኖረው ሞለኪውሉ ሳይታወቅ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የተሰየመው በቀዶ ሐኪሙ በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነው። ጎረቤት አንኮበር ላይ እነ ኤርሚያስ ሉሌካል የሕዝቡን መድኃኒት ዕፅዋት መዝግበው በ2013 አሳትመዋል። ሕግም አለ፦ በኋላ በሌላ የተተካው የ1994ቱ የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር እንዳይቆረጥ ለይቶ ጠቅሶት ነበር፤ የ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ ከዕፅዋቱና ከማኅበረሰቡ ዕውቀት የሚገኘው ጥቅም ለባለቤቱ እንዲደርስ ይላል። ዕቃው ሁሉ በአንድ ዞን ተሰብስቧል ማለት ነው።

የቀረው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ኮሶ ሴትና ወንድ ዛፍ አለው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ የሚለው የሴቷ አበባ ነው፤ መቼ እንደሚለቀም፣ ምን ያህል እንደሚበዛ የሚያውቁት ጠጥተው ያደጉት ናቸው። ኮምፒውተር ላይ የተሣለ ሞለኪውል ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ አይናገርም። የደብረ ብርሃን የሕክምና ተማሪ ግን ከግቢው ወጥቶ፣ የመንዝ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጠየቅ ይችላል።