ዘመድህ ማን ነው?

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይላል ያገራችን ሰው። ሰው ወደ ሥጋው ማድላቱ አይቀርም ማለቱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስስ «ዘመድ» ሲል ምን ማለቱ ነው? እስቲ አብረን እንየው።

በዕብራይስጥ «ጎኤል» የሚባል ቃል አለ፤ የሚቤዥ ዘመድ ማለት ነው። በዘሌዋውያን 25 እንደምናነበው፣ ሰው ደኽይቶ መሬቱን ሲሸጥ የሚዋጅለት፣ ራሱን ለባርነት ሲሸጥም ዋጋ ከፍሎ የሚያወጣው የቅርብ ዘመዱ ነው። እንግዲህ ዝምድና የደም ቆጠራ ብቻ አልነበረም፤ የወንድምን ዕዳ መሸከም ነበር።

በሩት ምዕራፍ 4 ከቦዔዝ ይልቅ ለኑኃሚን ቤት የቀረበ ዘመድ ነበረ። መጀመሪያ መሬቱን እቤዣለሁ አለ። ሞዓባዊቷን ሩትንም መውሰድ እንዳለበት ሲሰማ ግን ርስቴ ይበላሽብኛል ብሎ ጫማውን አወለቀ። ስሙ እንኳ አልተጻፈም! ዋጋውን የከፈለው ቦዔዝ የዳዊት ቅድመ አያት ሆነ።

ወደ አገራችን ታሪክ ደግሞ እንምጣ። በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወላይታን ለቅቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከዚያ መከራ መጣ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ታዲያ በዚያ እስር ቤት ለእስረኛ ምግብ የሚያመጣለት የራሱ ሰው ነበር። አማኞቹ ስንቅ ተሸክመው ተመላለሱ፤ ያመጡት ምግብ ለማያምኑት እስረኞች ጭምር ተረፈ። ይህን ፍቅር ያዩ ብዙዎች ወደ ጌታ መጡ። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ እንደነበር ይገመታል።

ዛሬስ? በጉባኤ «ወንድሜ»፣ «እህቴ» እንባባላለን። ልጃችን ለትዳር ሲታጭ ግን «ዘሩ ከየት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ወንድማችን ሲታመም፣ ቤት ኪራይ ሲያቅተው፣ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ «የራሱ ሰዎች የሉትም ወይ?» እንላለን። ወገኔ፣ ይህ እኮ ጫማ ማውለቅ ነው!

ጌታ ኢየሱስ ወንድሞቼ ብሎ ሊጠራን አላፈረም፤ ዕብራውያን 2፥11ን ተመልከት። ጠርቶም አልቀረ፣ በደሙ ቤዠን። እንግዲህ በዚህ ሳምንት «ወንድሜ» ብለህ የጠራኸውን አንድ ሰው ቤቱ ሄደህ ጠይቀው። ባዶ እጅህን አትሂድ።

ጌታ ይርዳን። አሜን።