ፕሩሲያውያኑ የት ቆመው ነበር?

ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሰው «ወገን ገሰገሰ፣ ጠላት ፈረጠጠ» ብሎ ማለፍ ይችላል። ያንኑ ውጊያ በድንክዬ የቆርቆሮ ወታደሮች ሊያሳይ የተነሳ ሰው ግን ማምለጫ የለውም። እያንዳንዷን ወታደር የሆነ ቦታ ላይ ማቆም አለበት። ከአጥሩ ወዲህ ነው ወዲያ? ስንት ሰዓት ላይ?

የእንግሊዛዊው መኮንን የዊልያም ሳይቦርን ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 የብሪታኒያ ጦር አዛዥ ሎርድ ሂል የዋተርሉን ውጊያ የሚያሳይ ግዙፍ ሞዴል እንዲሠራ አዘዘው። ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት፣ ጁን 18 ቀን 1815 የተካሄደው ውጊያ ነው። ሳይቦርን ዋተርሉ ላይ አልተዋጋም። በመሬት ቅየሳና በካርታ ሥራ ግን የተካነ ነበር። ዛሬ ቤልጅየም በምትባለው አገር፣ በውጊያው መሃል በነበረችው ላ ኤ ሴንት በተባለች የእርሻ ግቢ ስምንት ወር ተቀምጦ ጉብታውንም ሸለቆውንም ለካ። መሬቱ ራሱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። የኔዘርላንድስ ንጉሥ ልጁ የቆሰለበትን ቦታ ለማስታወስ በ1826 የተጠናቀቀ አርቲፊሻል ኮረብታ አሠርቶ ነበር። አፈሩ የተዛቀው ደግሞ የዌሊንግተን ጦር ከተሰለፈበት ጉብታ ነው። ለመታሰቢያ ሲባል የሚታሰበው ቦታ ተቆፈረ ማለት ነው!

ከዚያ በሕይወት ላሉ መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ። ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ የናፖሊዮን የክብር ዘብ የመጨረሻውን ጥቃት ሲሰነዝር ክፍለ ጦርህ የት ነበር? ፊት ለፊትህ ማን ነበር? በአካባቢህ ምን ዓይነት ሰብል ነበር? የሰብሉ ጥያቄ ቀልድ አይምሰላችሁ። የሰው ቁመት የሚደርስ አዝመራ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው ሌላ፣ ሰብሉ ከተረጋገጠ በኋላ የሚያየው ሌላ ነው።

መልሱ በመቶዎች ጎረፈ። ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ትዝታ ነበር፤ ሁሉም ድሉን ወደ ራሱ ክፍለ ጦር ይስባል። የክብር ዘቡን የሰበርነው እኛ ነን በሚል የብሪታኒያ የእግረኛ ዘቦችና 52ኛው ክፍለ ጦር ለረጅም ዘመን ተወዛግበዋል። ተራው ወታደር ደግሞ የሚጠይቀው አላገኘም ለማለት ይቻላል። በእኔ እይታ የሥራው ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

እውነተኛው ራስ ምታት ግን ፕሩሲያውያኑ ነበሩ። ሳይቦርን ለፕሩሲያ ጦር መምሪያም ጽፎ መልስ አግኝቷል። በዚያ መሠረት በወሳኟ ሰዓት የብሉኸር ጦር በብዛት ገብቶ የፈረንሳዮችን ጎን ሲያጠቃ አሳየ። ታዲያ ድሉ የማን ሊባል ነው? ዌሊንግተን በውጊያው ማግስት በጻፈው ሪፖርት የፕሩሲያውያኑን እርዳታ አልካደም። ይሁንና አንድን ሰዓት ነጥሎ ማሳየት የሕዝቡን አመለካከት ያዛባል የሚል ቅሬታ ከእሱ ዘንድ ተሰማ። የወረቀት ላይ ምስጋና ማንንም አላስከፋም፤ በዓይን የሚታይ የቆርቆሮ ሠራዊት ግን አስከፋ።

መንግሥት በ1833 ገንዘቡን አቋረጠ። ሳይቦርን ተበድሮ ቀጠለ፤ ወጪው 3,000 ፓውንድ ገደማ ደረሰ። በ1838 ሞዴሉ ለንደን ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። ስፋቱ 37 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ወታደሮቹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፤ ወደ 100,000 ሰው ከፍሎ እንዳየው ይነገራል። እሱን ግን ከዕዳ አላወጣውም።

በመጨረሻ ሳይቦርን ፕሩሲያውያኑን በሺዎች እያነሳ ከሞዴሉ አወጣቸው። ተገዶ ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ የለም፣ አዲስ ማስረጃ አሳምኖት ነው የሚሉም አሉ። ከሁለቱም የተወሰነ ነገር ያለበት ይመስለኛል። ገዢ የሚፈልግ ባለዕዳ ማስረጃ የሚመዝንበት እጁ ነጻ አይደለም።

ሞዴሉ ሳይሸጥለት በ1849 አረፈ። ሥራው ዛሬ ለንደን ቼልሲ በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ይታያል። ከደብዳቤዎቹ የተመረጡትን ልጁ በ1891 አሳተማቸው፤ በፕሩሲያውያኑ ጉዳይ የሚከራከሩ ሁሉ እስካሁን እነሱን ይጠቅሳሉ።