የሽፍታ ቀልድ እና የላስታ ዕዳ

ሽፍታን መውደድ የኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። ጃፓኖችም ያኩዛ የሚሏቸውን ወንበዴዎቻቸውን በፊልም ሲያሞግሱ ኖረዋል። ከነዚህ ፊልሞች አንዱ ግን ለኛ የሚሆን ትምህርት አለው።

ታኬሺ ኪታኖ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ኮሜዲያን ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. የሠራው «ሶናቲን» ከቶኪዮ ወደ ኦኪናዋ ደሴት ስለተላኩ ያኩዛዎች ይተርካል። ጠላት ሲበረታባቸው ባሕሩ ጠረፍ ላይ ይደበቃሉ። እዚያ እንደ ሕፃን ይጫወታሉ፤ አሸዋ ቆፍረው ጓደኛቸውን ይጥሉበታል፣ በርችት ይታኮሳሉ። ተመልካቹ ይስቃል። ድንገት፣ ያለ ምንም ፉከራ፣ አንዱ በጥይት ይወድቃል። የሳቀው ሁሉ ክው ይላል።

እኛም ሳቅና ደም የተቀላቀለበት ታሪክ አለን። ካሣ ኃይሉ ገና ሽፍታ ሳለ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ንቆት፣ ይዞት ሊመጣ ፎክሮ ዘመተ። ካሣ አሸንፎ ማረከው። ከዚያም እናቴን ዛሬ ገበያ አልቀናትም ብሎ የተረፈውን ኮሶ አስጋተው ይባላል። ይህን እየሳቅን ነው ያደግነው። ካሣም በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ላስታ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የዋግና የላስታው ገዥ ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈተ። ሽፍታ የነበረው ንጉሥ ሌላ ሽፍታ ወለደ ማለት ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ሲሠዋ ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ሦስት ዓመት ቆየ። በ1863 ዓ.ም. የሚስቱ ወንድም ካሣ ምርጫ አድዋ አጠገብ ድል ነሥቶ ማረከው፤ በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ካሣም አፄ ዮሐንስ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሐል የዘመኑ ሠራዊት የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር። የኮሶውን ቀልድ ሁላችንም እናውቃለን። ጎበዜን ተከትለው ወጥተው ያልተመለሱትን የስንቱን ስም እናውቃለን?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኪታኖ በሳቁ የጥይቱን ክብደት ያሳየናል። እኛ በሳቁ ጥይቱን እናቀልለዋለን። ቴዎድሮስን ማሳነሴ አይደለም፤ የአገር አንድነት ሕልሙ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ጀግና ባልን ቁጥር ዕዳውን ማን እንደከፈለ መጠየቅ ትተናል።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ላሊበላ ከ2013 ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ ከአንዱ ታጣቂ እጅ ወደ ሌላው ስትገላበጥ ቆየች። በ2015 መጨረሻ እንደገና ጦርነት ገባባት። አስጎብኚው እንግዳ አጣ፣ ሆቴሉ ተዘጋ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ፈራ። እኛ ደግሞ ስልካችን ላይ ጠብመንጃ ታቅፎ የሚቀልድ ሰው ባየን ቁጥር፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ስቀን ለሌላው እናስተላልፋለን።

ሳቁ ይቅር አልልም። ከመላካችን በፊት ግን ከቪዲዮው ጀርባ ያለው ጎተራ የማን እንደሆነ እንጠይቅ።