ግብር መክፈልና ግብር መብላት

በኮሜርስ ሲቲ፣ በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ለአዲስ ዓመት፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ለስብሰባ በተገናኘ ቁጥር ከድግሱ በኋላ የማይቀር ሐሜት አለ። እገሌ ሁለት ሰሃን ከመረ፣ እገሊት በፎይል ጠቅልላ ወሰደች፣ እነ እገሌ ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቀው ለምግቡ ብቻ መጡ ይባላል። ሐሜቱ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በአንድ ፍርድ ነው፦ «ምን ይደረግ፣ ባላገር ነው!» የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የረገጠው ወገን ይህን ሲናገር እንደ ቀልድ ይቈጥረዋል። እኛ ግን ጉዳዩ ቀልድ አይደለም እንላለን። በነጻ ምግብ ዙሪያ የሚታየው ስግብግብነትም ሆነ ጨዋነት የግለሰብ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የመደብ ታሪክ ያለው ነገር ነው።

የቃሉ ሁለት ፊት

ገበሬው ለጌታው የሚያስገባው እህል፣ ማርና ከብት ግብር ይባላል። ጌታው ለተከታዮቹ የሚያበላው ድግስም ግብር ይባላል። አንዱ ግብር ይከፍላል፣ ሌላው ግብር ይበላል። በአዳራሹ የሚቀዳው ጠጅ ከገባሩ ቀፎ የወጣ ማር መሆኑን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። እንግዲህ ነጻ ምግብ የሚባል ነገር ከቶ አልነበረም። ነጻ የመሰለው ከፋዩ ከማዕዱ ስላልቀረበ ብቻ ነው።

የማዕዱ ሥርዓትም የመደብ ሥርዓት ነበር። የመካከለኛውን ዘመን የቤተ መንግሥት ማዕድ የሚዘረዝረው «ሥርዓተ ግብር» የተባለው ጽሑፍ ለማን ምን እንደሚሰጥ በየማዕርጉ ይደነግጋል። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባው ግቢ ባሠሩት ታላቅ አዳራሽም ሺዎች በአንድ ጊዜ ይመገቡ ነበር። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ። መጋረጃው ሲገለጥ የበታች ሹማምንት፣ ከዚያም ወታደሩ በየተራው ይገባል። ማን መቼ እንደሚገባ የሚያስጠብቀው አጋፋሪው ነው። ብሩንዶው በእንጨት ተንጠልጥሎ፣ በሁለት ሰው ትከሻ ተይዞ በተመጋቢው መካከል ያልፋል። ጠጁም አንድ ዓይነት አይደለም፤ የተጣራው ለላይኛው፣ ቀጭኑ ለታችኛው ይቀዳል። የተረፈው ደጃፍ ላይ ለሚጠብቀው የኔ ቢጤ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መኰንኑ ዝግ ብሎ ይጐርሳል፤ ጥቂት ቀምሶም «በቃኝ» ይላል። ነገም እንደሚበላ ያውቃልና። ወታደሩ ግን ከኋላው ሌላ ረድፍ በር ላይ ቆሞበታል። ዛሬ ያልቈረጠውን ሥጋ ነገ እንደሚያገኝ ምንም ዋስትና የለውም። ስለዚህ ይቸኩላል። የመጀመሪያውን ጨዋ፣ ሁለተኛውን ሆዳም ያሰኛቸው በማዕዱ ላይ የተመደበላቸው ስፍራ ነው። «ጨዋ» የሚለው ቃል መልካም ጠባይ ያለውንም ከትልቅ ቤት የተወለደውንም ማመልከቱ፣ «ባላገር» የሚለው ደግሞ ስድብ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም።

ግብር ማብላት ቸርነት ብቻ ሳይሆን የአገዛዝ መሣሪያም ነበር። የበላ ሰው ባለዕዳ ነው። ዛሬ «ሆድ አደር» ብለን የምንነቅፈው የፖለቲካ ጠባይ ሥሩ ከዚህ ማዕድ የራቀ አይደለም። ወታደሩ በገበሬው ቤት እያደረ የሚበላበት ልማድ ደግሞ አገሩን ስላራቈተ ምኒልክ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1892 በምትኩ የአሥራት ደንብ ለማውጣት ተገደዋል።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ሮማዊው ጸሐፊ ትንሹ ፕሊኒ አንድ ባለጸጋ ወይኑን በሦስት ደረጃ ከፍሎ አንዱን ለራሱና ለቅርቦቹ፣ ሁለተኛውን ለአነስተኛ ወዳጆቹ፣ ሦስተኛውን ከባርነት ነጻ ለወጡት እንዳቀረበ ጽፎ ነቅፎታል። ፕሊኒ በራሱ ቤት ለሁሉም አንድ ወይን ያቀርብ ነበር። ወጪውን የቻለው እንግዶቹ የእሱን ወይን ስለጠጡ ሳይሆን እሱ የእነሱን ስለጠጣ ነው።

ከዓድዋ ድል ሦስት ወር በኋላ፣ በግንቦት 1888 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ኒኮላይ በሞስኮ ዘውድ ሲጭኑ በኾዲንካ ሜዳ ለሕዝቡ ዳቦ፣ ቋሊማ፣ ጣፋጭና የማስታወሻ ኩባያ እንደሚታደል ተነገረ። ስጦታው አይበቃም የሚል ወሬ ሲነሣ ሕዝቡ ተገፋፋ፤ ከ1,300 በላይ ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። ዛሩ በዚያው ምሽት በፈረንሣይ አምባሳደር የዳንስ ግብዣ ላይ ተገኙ። ያን ሁሉ ሰው ስግብግብነት ገደለው ማለት ይቻላልን? የገደለው ጉድጓዳም ሜዳ፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የማይበቃ ዘበኛና «ሳይደርሰኝ ያልቃል» የሚል ፍርሃት ነው።

ድግስና ረኃብ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጀው ምኒልክ ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩና ከሥጋ እንደ ተከለከሉ ተጽፏል። የኋለኞቹ ገዥዎች ይህን ያህል እንኳ አላደረጉም። በ1958 ዓ.ም. የኔ ቢጤዎች ከአዲስ አበባ ጎዳና ታፍሰው በሾላ ታጉረው በተገኙ ጊዜ ተማሪው «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብሎ ሰልፍ ወጣ። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የንጉሡ 80ኛ ልደት ሲከበር ወሎ ወደ ረኃብ እየገባ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ጋር አቀናጅቶ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያው ደርግ ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ወጪ ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኃብ ይረግፍ ነበር። አዳራሹ ባለቤት ለወጠ እንጂ አልተዘጋም።

ሌላው ማዕድ

በአንጻሩ ሰፊው ሕዝብ የራሱን ማዕድ ሠርቷል። የጽዋ ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ የዛሬው ተጋባዥ የነገው ደጋሽ ነው። ሰንበቴውም፣ እድሩም፣ ደቦውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እዚያ የሚሻማ እምብዛም አይታይም። እያንዳንዱ ድርሻው እንደሚደርሰው ያውቃል፤ የደጋሹንም ድካም ከራሱ ተራ ያውቀዋል። ይሉኝታ የሚጸናው ተራ ባለበት ነው። ይሁን እንጂ ይህንንም ያለ ነቀፋ አናሞግሰው፤ ወፍጮውና የምድጃው ጭስ የቀረው በሴቷ ትከሻ ላይ ነው።

ጓዶች፣ አሁን ወደ ዴንቨርና ኦሮራ እንመለስ። ሌሊት በፈረቃ ሠርቶ ኪራይ የሚከፍል፣ ከተረፈው ለእናቱ የሚልክ ወገን በፎይል የጠቀለለው ወጥ የነገ ምሳው ነው። ይህን ሰው ባላገር ብሎ የሚስቅ ምሁር ያለ ሹመት አጋፋሪ ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ ቤት ሞልቶት የሕዝብ መዋጮ በገዛው ምግብ ሰሃን የሚከምር አለ። እሱን ድህነት አላስቸኰለውም፤ ነቀፋም ካስፈለገ ለእሱ ይገባዋል። ስለ እኩልነት ሲናገር አምሽቶ እኅቶች ወጥ ቤት ሳሉ ቀድሞ የሚቀመጥም እንዲሁ።

ስለዚህ በየስብሰባችን እነዚህ ነገሮች ይፈጸሙ። አንደኛ፣ መዋጮው እንደየአቅም ይሁን፤ ወጪው ከምግቡ በፊት ይነበብ። ሁለተኛ፣ መቀቀሉም ማጠቡም ወንድ ሴት ሳይባል በተራ ይሁን፤ ያበሰሉት ከሽማግሌዎች ጋር በመጀመሪያው ማዕድ ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ የተረፈው ሳይደበቅ፣ በግልጽ፣ ለሌሊት ሠራተኛውና ለአዲስ መጤው ይቋጠርለት። ግብር የሚከፍለውና ግብር የሚበላው አንድ ሰው ሲሆን የሚሻማም የሚያማም ይቀንሳል።